ከጥድ ሥር የተቆረጠ ዋጋ

የአዲስ አበባ ሰው ዋጋ ማውረድ ያውቅበታል። መርካቶ ገብቶ የተጠራለትን ዋጋ ሲሰማ ፊቱን የማያጠቁር፣ «ና እሺ፣ ውሰደው» እስኪባል ጀርባውን ሰጥቶ ጥቂት የማይራመድ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት። በግማሽ መጀመር፣ ጨርቁን አሻሽቶ «ይኼማ አንድ እጥበት አይችልም» ማለት፣ ያልገዙትን ዕቃ «ባለፈው በዚህ ገዝቻለሁ» ብሎ መማል፣ ይህን ሁሉ ዘንቢል ተሸክመን እናቶቻችንን ስንከተል ተምረነዋል። ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ግን ምን እንደሚደረግ ያስተማረን የለም። ጨረታ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ሻጩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የሚከራከረው ገዢና ገዢ ነው። ማናናቅም አይሠራም፤ አንተ ያናናቅኸውን ዕቃ አጠገብህ ያለው ሰው «ካልፈለግኸው» ብሎ ያነሳዋል።

ጨረታ ጨርሶ እንግዳችን ነው ማለቴ አይደለም። የስለት ጃንጥላና ምንጣፍ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲጫረት ቆሞ ያላየ ማን አለ? ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው «ሦስት ሺህ ተብሏል፣ የሚጨምር!» ይላል፤ ከኋላ አንድ እጅ ይነሳል፤ እናቶች እልል ይላሉ። እዚያ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ያሸነፈው ሰው አንዳንዴ ጃንጥላውን መልሶ ይሰጥና ያው ጃንጥላ እንደገና ይጫረታል። የተሸነፈውም አይከፋውም፤ ከእልልታው ድርሻ አለው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ አንድ ድፎ ዳቦ በስንት እንደሚጫረቱ የሰማ ሰው የዱቄቱን ዋጋ በኪሎ ሊያሰላ አይነሳም። እንዲህ ባለው ጨረታ ላይ «አበዛሁት» የሚባል ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ለጽድቅ መሆኑ ቀርቶ ለሳሎን ግድግዳ ሲሆን ነው።

እኔን ጨረታ ውስጥ የከተተኝ የታጠፈ ወረቀት ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝና «ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ሰውዬ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ የእኔ ሰውዬ ነው፤ ሪቻርድ ራውንድትሪ። የ«ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን ፖስተር፣ ፊልሙ ሲወጣ የታተመውን፣ አንድ አሜሪካዊ አጫራች በኢንተርኔት ሊሸጠው አውጥቶታል። መነሻ ዋጋው 60 ዶላር።

ፊልሙን ለማያውቁት፣ ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነው። ራውንድትሪ የሚተውነው ሻፍት የሚባል የኒውዮርክ የግል መርማሪ፣ አፍሪካውያን ወጣቶችን ወደ ፓሪስ እያሻገረ በባርነት የሚያሠራ ቡድን እንዲደርስበት ተቀጥሮ ኢትዮጵያ ድረስ ይመጣል። ከፊሉ የተቀረጸውም እዚሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1965 መሆኑ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ከአንድ ዓመት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። ዛሬ የደላላና የስደት ወሬ በዜና ስንሰማ አዲስ ነገር ይመስለናል እንጂ ሆሊውድ ያኔ ፊልም ሠርቶበታል።

እኔ ያየሁት ሲኒማ ቤት ገብቼ አይደለም። ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት፤ አፈር ወለል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። ቪዲዮ ቤት ፖስተር የሚባል ነገር አያውቅም። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ በጠመኔ «8 ሰዓት ካራቴ፣ 10 ሰዓት ህንድ» ተብሎ ይጻፋል፤ የፊልሙን ስም የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «አክተሩ ማነው?» ተብሎ ነው፤ አክተር እንደማይሞት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ፖስተር ማየት ያማረው ልጅ ፒያሳ መውጣት ነበረበት፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ኢምፓየር በር ላይ የተሰቀለውን ለማየት ትኬት አያስፈልግም። ከትኬት ቆራጩ ዓይን ርቀን ቆመን ሥዕሉን አጥንተን እንመለስና፣ ማታ ሠፈር ውስጥ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንተርከው ነበር። የአንዳንዱን ፊልም ታሪክ በኋላ ሳየው የእኛ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ስድሳ ዶላር የተባለው ወረቀት እስከ ስንት ይወጣል? እኔስ እስከ ስንት ልከተለው?

እንዲህ ያለ ነገር የምማከረው አንድ ሰው አለኝ። ዕድሜ ልኩን ባንክ ቤት ሐራጅ ሲያስፈጽም ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው። ስንተዋወቅ «አንቱ» እለው ነበር፤ ቀስ በቀስ «አንተ» ላይ ደርሰናል፣ ስናደድበት ብቻ ወደ «አንቱ» እመለሳለሁ። እሁድ እሁድ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አብረን እንራመዳለን። እሱን ሐኪም አዞት ነው፤ እኔን ደግሞ እሱ አዞኝ።

ማዕከሉን በስም እንጂ በእግሩ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ሽቅብ፣ የእንጦጦ ተራራ ጎን ላይ የተዘረጋ 705 ሄክታር መሬት ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት። ብዙው ቦታ የባህር ዛፍ ደን ነበር፤ አሁን ቀስ በቀስ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶ፣ በዝግባ፣ ባጠቃላይ በአገር በቀሉ እየተተካ ነው። ከፍታው 2,500 ሜትርን ያለፈ ስለሆነ ዳገቱ ላይ ወሬ በራሱ ያጥራል። ለዚህ ነው ጓደኛዬ ከባድ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይወሰን የሚለው፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው አላስፈላጊ ነገር አይናገርም።

ፎቶውን ሳሳየው አልሳቀም። መነጽሩን አውርዶ አየው፣ አሰፋው፣ ጥጉን አየው። «ወረቀት ነው» አለ። ከዚያ ወደ ዳገቱ ዞረና በክርኑ አንዱን ባህር ዛፍ ጠቆመኝ። «ይሄን ታየዋለህ? በምኒልክ ጊዜ ከተማዋ ማገዶ ጨርሳ ልትነሳ ስትል ያዳናት ነው። ትከሉ ትከሉ ተባለለት። ዛሬ ቦታ ልቀቅ ይባላል። ያንን ጥድ ደግሞ እየው። አያቶችህ አጥርና ማገዶ ያደረጉት ጥድ ዛሬ ሰሌዳ ተተክሎለት፣ ስሙ በአማርኛና በላቲን ተጽፎለት ቆሟል።»

«እና?»

«እናማ፣ የበዛ ነገር ዋጋ የለውም። ያ ፖስተር ስንት ቀርቷል?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ፖስተር እንዴት ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የፊልም ፖስተር ማንም እንዲገዛው አልታተመም። ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት ለአሥርተ ዓመታት አጣጥፎ ለሲኒማ ቤቶች ያከፋፍለው ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ፖስተሩም ይመለሳል ወይም ወደ ሚቀጥለው ሲኒማ ቤት ይሄዳል። የተቀደደው ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ይሰበሰብ ስለነበር ብዙው በዚያ አለቀ። የቀረው ያልታዘዘ ሰው ደብቆ ያስቀረው ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በሺህ ዶላር የሚገዙት የዚያን ያልታዘዘ ሠራተኛ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛስ? በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲያብብ ከተማው ውስጥ ፖስተር ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም። «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ራሱ በፖስተር ተሸፍኖ ነበር። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ የአንዳንዱ ግንብ ግማሽ ውፍረት ፊልም ነበር። አምባሳደር ሲኒማ ሰልፍ ይዘን ስንቆም በዓይናችን ያየነው ያ ሁሉ ፊት በክረምት ዝናብ ወርዶ ቦይ ገብቷል። አንድ ሰው እንኳን አንዱን በደረቁ አንስቶ አልጋው ሥር ቢያስቀምጥ ኖሮ እላለሁ። ምናልባት አስቀምጦ ይሆናል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጓደኛዬ ቀጥሎ የጠየቀኝ «እውነተኛ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ ነው። ይህን ሲል አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ቆመን ሰሌዳውን እያየን ነበር። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር አለ፤ የደረቁ ቅጠሎች ወረቀት ላይ ተለጥፈው የሚቀመጡበት። እዚያ ቅጠሉ ብቻውን ምንም አይደለም። የት ተለቀመ፣ ማን ለቀመው፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይህ ጥግ ላይ ካልተጻፈ ድርቆሽ ነው። ፖስተርም እንዲሁ ነው። የዚያ ዘመን የአሜሪካ መደበኛ ፖስተር 27 በ41 ኢንች ይሆናል፤ ግርጌው ጥግ ላይ የአከፋፋዩ ቁጥር ይታተምበታል። የ1973 ፊልም ከሆነ ቁጥሩ በ73 ይጀምራል። ከፊቱ «አር» የምትል የላቲን ፊደል ካለች ፊልሙ በድጋሚ ሲወጣ የታተመ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል። መጠኑ 24 በ36 ከሆነ ብዙ ጊዜ ለተማሪ ክፍል ግድግዳ የታተመ ቅጂ ነው።

አንዱ ነገር በተለይ አስደስቶታል፤ እጥፋቱ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበረው ፖስተር ታጥፎ ስለሚላክ እጥፋቱ ነውር አይደለም፤ ይልቅ ልጥ ያለ፣ አንድም መስመር የሌለው የ1973 ፖስተር ነው የሚያጠራጥረው። «ሰውም እንዲሁ ነው» አለ፣ ግንባሩን በመዳፉ እየጠረገ። በእርግጥ የፒን ቀዳዳ፣ የፕላስተር ምልክት፣ በእጥፋቱ መስቀለኛ ላይ የተበሳ ቦታ ዋጋ ይቀንሳሉ። ጨርቅ ላይ ተለጥፎ የታደሰም አለ፤ ያንን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የእኔው እጥፋቱ ንጹህ፣ አራት የፒን ቀዳዳ ያለው፣ ቁጥሩ በ73 የሚጀምር ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን ለማደፋፈር የታላላቆቹን ዋጋ ነገርኩት። ጀርመናዊው አርቲስት ሃይንዝ ሹልዝ ኖይዳም ለ«ሜትሮፖሊስ» ፊልም የሠራው የ1927 ፖስተር እ.ኤ.አ. በ2005 በ690,000 ዶላር ተሽጧል። «ለንደን አፍተር ሚድናይት» የተባለው የ1927 ፊልም ፖስተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በ478,000 ዶላር።

«ፊልሙ ጥሩ ነው?» አለኝ።

«የመጨረሻው ቅጂ መጋዘን ውስጥ ተቃጥሏል ነው የሚባለው። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው የሚያየው አንድም ቅጂ አልተገኘም።»

ቆመ። የባንክ ሰው ሲደነግጥ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁ። «ስለዚህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ሊያየው ለማይችለው ፊልም ማስታወቂያ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከፈለ።» እንደዚያ ነው። «እኔ መያዣ ስሸጥ ቢያንስ ቤቱ ቆሞ ነበር።»

የእሱ ዕውቀት የሐራጅ ነው፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የምናየው ዓይነት። የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዞ መግባት፣ ካሸነፉ በ15 ቀን ውስጥ ቀሪውን መክፈል፣ ካልከፈሉ ያስያዙትን ማጣት። ያንን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማን ይረሳዋል፤ ባንኩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የተማረውን በአንድ ነገር ይጠቀልለዋል፤ ተጫራች የሚያብደው አዳራሹ ውስጥ ነው። ከቤቱ አንድ ሚሊዮን ብሎ የወጣ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ክራባት ስላልወደደለት ብቻ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይላል። በማግስቱ ሲነጋ ክራባቱም ሰውየውም የሉም፤ ዕዳው ግን አለ።

ከአዳራሹ እብደት ሌላም የጨረታ በሽታ አለ፤ ስም ያወጡለት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት መሐንዲሶች የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን የነዳጅ ቦታ ጨረታ መርምረው፣ የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የተሳሳተ ገማች መሆኑን ጻፉ። ከመሬት በታች ያለውን ማንም አያይም፤ አሥር ኩባንያ አሥር ግምት ይሰጣል፤ የሚያሸንፈው እጅግ አጋንኖ የገመተው ነው። የአሸናፊ እርግማን ተባለ። የአዲስ አበባን የመሬት ሊዝ ጨረታ የተከታተለ ሰው ጥናቱን ማንበብ አያስፈልገውም። ለአንድ ካሬ የጻፈውን ቁጥር አሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው፣ ከዚያ ውል ሳይፈርም የሚሰወር አሸናፊ ሞልቶናል።

ፖስተር ግን ነዳጅ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተለያየን። ነዳጁ ለማንም ቢደርስ ያው ነዳጅ ነው። ፖስተሩ ግን ለእኔ፣ ለቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ፣ ለጠመኔው ሰሌዳ ያለው ዋጋ አንድ ነው፤ ፊልሙን ሰምቶ ለማያውቅ የኦሃዮ ነጋዴ ያለው ዋጋ ሌላ። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ያወጣል?» መሆኑ ይቀርና «ለእኔ ስንት ነው?» ይሆናል። ይህን የሚደግፍ ሊቅም አለኝ፤ ዊሊያም ቪክሪ። እ.ኤ.አ. በ1961 እንዲህ አለ፦ አሸናፊው የሚከፍለው የራሱን ዋጋ ሳይሆን የሁለተኛውን ከሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው ብልሃት ዕቃው ለአንተ ያለውን እውነተኛ ዋጋ መጻፍ ነው፤ ብታሳንስም ብታበዛም ራስህን ትጎዳለህ። የኢንተርኔት ጨረታም በብዛት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ጣሪያህን ትነግረዋለህ፣ ማሽኑ ስለ አንተ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፣ ሁለተኛው ሰው ካቆመበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆምልሃል። ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ማሸነፉ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «አየህ፣ አሸናፊ» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

ያም ሆኖ ሒሳቡን የሠራልኝ እሱ ነው። ጥዱ ሥር ተቀምጠን፣ ከኪሱ የማይጠፋውን እርሳስ አውጥቶ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ። ለአንድ የውጭ መጽሔት የጻፍኩበት 300 ዶላር የእህቴ ልጅ ዘንድ ተቀምጧል፤ ከዚያ አንዲት ዶላር አላልፍም። አጫራቹ ካሸነፍኩበት ዋጋ ላይ 20 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት መቶ አሸንፎ ሁለት መቶ አርባ ሲጠየቅ ይጮኻል። በጥቅል አሽጎ ሜሪላንድ ማድረሻ 25 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ያለው ነፃ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ አለና። የአበሻ ሻንጣ ግማሹ የባለቤቱ፣ ግማሹ የሰው ነው፤ የአንዷ መድኃኒት፣ የአንዱ ስልክ፣ የሌላዋ ጫማ፣ የእኔ ፖስተር። እንግዲህ ከ300 ላይ 25 ተቀነሰ፣ 275 ቀረ፤ ለ1.2 ሲካፈል 229 ዶላር ከ17 ሳንቲም።

«ይቺን ቁጥር ጻፋት» አለኝ። «ከነሳንቲሟ። ሰው ሁሉ ቁጥር ሲሞላ ነው የሚያቆመው። አንድ ሲኖትራክ በ17 ብር ልዩነት ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር አልፏል፤ ማባዛቱን ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። «ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ ለወረቀት? ያውም የታጠፈ?» የእጥፋቱን ትርጉም ላስረዳት ሞከርኩ። የሳሎኑን ግድግዳ አሳየችኝ፤ ቀለሙ የተላጠበትን። ፖስተሩ ልክ እዚያ ላይ ይሸፍነዋል አልኳት። አየችኝ፣ ወደ ጓዳ ገባች።

ለእህቴ ልጅ ጣሪያውን 229 ብለሽ ሙይ አልኳት። ሳንቲሟን ትቼ። የተማረ ሰው በ17 ሳንቲም አይጨቃጨቅም።

ጨረታው የሚዘጋው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ነቅቼ ማየት አላስፈለገኝም፤ ጣሪያውን የቆረጠ ሰው ይተኛል። እኔም ተኛሁ፣ ማለትም ጋደም ብዬ ስልኬን አየሁ። 60 የነበረው 95፣ ከዚያ 140፣ ከዚያ 180 ሆነ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ 215 ላይ እኔ እየመራሁ ነበር። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ሲመለስ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ ተሽጧል፣ 229.17።

ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ማንም የኦሃዮ ነጋዴ፣ ማንም የካሊፎርኒያ ሰብሳቢ 229 ከ17 ሳንቲም ብሎ አይጽፍም። ይህ ቁጥር የሚወለደው ከ300 ላይ 25 ቀንሶ ለ1.2 ሲካፈል ነው፤ ያ ሒሳብ ደግሞ በዓለም ላይ የተሠራው ጉለሌ፣ አንድ ጥድ ሥር ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ምንም እንዳልሆነ መጣ። ዳገቱን ጀመርን። «ተሸጠ» አልኩት። «ስንት?» አለኝ፣ ወደ አንድ የወይራ ሰሌዳ ጎንበስ ብሎ፤ መቼም የወይራን ስም በላቲን አጥንቶ አይጨርስም። ነገርኩት። ሰሌዳውን ማንበብ ቀጠለ።

«ጋሼ፣ አንቱ ነዎት?»

ቀና አለ። «አንቱ» ስለው ሲሰማ ነገሩ እንዳበቃለት ገባው። ልጁ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ የእህቴ ልጅ ካለችበት ብዙም አይርቅም። «የጨረታ ማስታወቂያ አታነብም?» አለኝ። «መብቱ የተጠበቀ ነው።» ከዚያ ትንሽ አፈረና «ሳንቲሟን እንደምትጥላት አውቅ ነበር» ብሎ ጨመረ። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አናደደኝ።

ምክንያቱን የነገረኝ ቁልቁል ስንወርድ ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ ልጅ ሆኖ ካሜራውን በዓይኑ አይቷል። የት እንዳየ ግን ታሪኩ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዴ አዲስ አበባ ነው፣ አንዴ ምጽዋ ነው፣ አባቱ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት እንደየወሬው ይዛወራል። ሆኖም ስለ ካሜራው ትልቅነት፣ ስለ ጥቁሩ ረጅም ሰውዬ፣ «አንሱኝ» ብለው ስለሚገፉት ልጆች ሲያወራ ድምፁ የባንክ ድምፅ አልነበረም። እኔ ያየሁት ፊልሙን ነው። እሱ ያየው፣ ወይም አየሁ ብሎ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያመነው፣ ሲሠራ ነው። በእኔው በቪክሪ ሕግ ዕቃው የሚገባው አብልጦ ለሚፈልገው ነው፤ ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ልከራከር አልቻልኩም። በተረፈ ዋጋው ትክክል ነበር። 300 ዶላር ከዚያች ወረቀት አይበልጥም፣ አያንስም፤ ራሱ አሰልቶታል።

ፖስተሩ በአንዲት ዘመድ ሻንጣ፣ በሁለት ጥንድ ስኒከርና በሕፃን ወተት መካከል ገብቶ በሰላም ደረሰ። አሁን እሱ ሳሎን በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ሄጄ አየዋለሁ፤ ቡናውንም እስከ ሦስተኛው ድረስ አስፈልቼ ነው የምነሳው። የእኔ 300 ዶላር ሜሪላንድ ውስጥ እንዳለ ነው። ባለቤቴ የግድግዳ ቀለም ዋጋ አጣርታ አምጥታለች፤ ያ ጨረታ ተጫራቹ አንድ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ይታወቃል።

አሁን ወደዚያ አልጋ ሥር ወዳስቀመጠው ሰው ልመለስ። የድሮ ሲኒማ ቤት ሠራተኛ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የነበሩ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የታጠፈ ፖስተር ካላችሁ አውጡት። በተለይ የ«ሂሩት አባቷ ማነው?» ወይም ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው የ«ጉማ» ከሆነ። በፕላስተር አትለጥፉት፣ አትተኩሱት፣ ጥጉን አትከርክሙት፣ እጥፋቱን ተዉት። የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳስቀመጠው ጀርባው ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ልትሸጡት ካሰባችሁ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ። የእኔን ጣሪያ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ጓደኛዬ ይህን መጽሔት ያነባል።